እህል ከአውድማ እስከ ሌማት የሚሄድበት መንገድ

እህል በአገር ስለተገኘ ብቻ ሕዝቡ ጠገበ አይባልም፤ ከአውድማ ተነሥቶ ከሌማት እስኪቀርብ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋልና። ገበሬው አጭዶ ይወቃል፤ ነጋዴው በገበያ ይሰበስባል፤ ጫኙ በአህያ ወይም በመኪና ያደርሳል፤ ባለወፍጮው ይፈጫል፤ በመጨረሻም ሸማቹ በገንዘቡ ይገዛል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ፣ እህል በአንዱ አውራጃ ተርፎ ሳለ በሌላው ሰው ይራባል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው በ1965 ዓ.ም. በወሎ የጠናው ረኀብ ነው። የክረምቱና የበልጉ ዝናም ተከታትሎ ስለቀረ የወሎ አዝመራ ጠፋ፤ የኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት ግን ከወትሮው እጅግ አላነሰም ነበር። ደሴም ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው ዋና ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናትና መንገድ ታጣ ለማለት አይቻልም። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን መርምረው እንደ ገለጹት፣ በደሴ የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም፤ እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ነጋዴ እህሉን የሚወስደው ገንዘብ ወዳለበት እንጂ ረኀብ ወዳለበት ስላልሆነ ነው። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። ከብት አርቢውም የተረፈችውን ከብት ወደ ገበያ ቢነዳ በዋጋዋ የሚሸምተው እህል ከቀድሞው አነሰበት።

ከዚህም ሌላ በጎተራ የሚጠፋ አለ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በቆሎና ማሽላ ግን በደንብ ሳይደርቁ የተከተቱ እንደ ሆነ ነቀዝና ሻጋታ ያበላሻቸዋል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ከትቶ አፉን የሚደፍነው አየር ያጣ ነቀዝ ስለማይራባ ነው።

እንግዲህ አገር የሚያስተዳድር ሹም የጎተራውን ልክ ብቻ ሳይሆን የገበያውንም ዋጋ ዘወትር ሊመረምር ይገባዋል። የእህል ዋጋ ገና ሳይወደድ የከብት ዋጋ ከወደቀ፣ ገበሬውም ዘሩንና የእርሻ በሬውን ለመሸጥ ካወጣ፣ ረኀብ ከደጅ ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ እህል ማስመጣት፣ ለችግረኛውም ሥራ ሰጥቶ የሚሸምትበትን ገንዘብ ማስያዝ ያስፈልጋል። በጊዜው የደረሰ እርዳታ ሰውየውን ከነበሬው ያድናል፤ የዘገየ ግን ሰውየውን ቢያድን እንኳ ለከርሞ የሚያርስበትን አያስቀርለትም።