«ዋይፋዩ ጠፋ» ሲባል የቱ ነው የጠፋው?

ከግቢ ውጪ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን ታውቁታላችሁ፦ አራት አምስት ሆናችሁ አዋጥታችሁ የምትከፍሉበት ዋይፋይ አሳይመንት በሚገባበት ሌሊት ቀጥ ይላል። አንዱ ሶኬቱን ይነቅላል፣ አንዱ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ ሌላው ደግሞ ስክሪብቶ ይዞ ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስክሪብቶ ለያዘው ነው።

በቀዳዳዋ ውስጥ ያለችው ቁልፍ ሪሴት ትባላለች። ለተወሰነ ሰከንድ ተጭናችሁ ከያዛችኋት ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ብቻ ቢጠፋ ኖሮ ቀላል ነበር። በኬብል በሚገባ የቤት ኢንተርኔት ላይ ግን ቴክኒሻኑ ሲገጥም የሞላው የደንበኛ መለያና ፓስወርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ራውተሩ ለአቅራቢው ድርጅት ማንነቱን የሚያሳውቀው በዚህ መለያ ነው። እሱ ከጠፋ መስመሩ ደህና ቢሆንም ኢንተርኔት አይገባም፤ መለያውን የሚያውቅ ከሌለ ቴክኒሻን መጠበቅ ነው። አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ማድረግ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ያለ ስጋት ሞክሩ፤ ሁለተኛውን መለያው በእጃችሁ ካልሆነ አትንኩት።

ይልቅ መንገዱን አስቡት። ከስልካችሁ እስከ ራውተሩ በአየር የሚሄድ አለ፣ ራውተሩ ራሱ አለ፣ ከራውተሩ እስከ አቅራቢው ድርጅት የሚሄድ መስመር አለ። ብልሽቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚደረግ ነገር ሁሉ ግምት ነው።

መጀመሪያ የስልካችሁን ስክሪን እዩ። ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቷል ግን ኢንተርኔት የለም የሚል ከሆነ ስልካችሁና ራውተሩ ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። የዋይፋዩ ስም ጭራሽ ካልታየ ወይም ፓስወርዱን አልቀበልም ካለ ግን ችግሩ እዚሁ ቤት ነው። የሌሎቹ ስልክ ሠርቶ የእናንተ ብቻ እምቢ ካለ ስልኩ ላይ የተቀመጠውን ዋይፋይ አጥፍታችሁ ፓስወርዱን እንደገና አስገቡ።

ቀጥሎ የራውተሩ አመልካች መብራቶች። የፋይበር ከሆነ «ፒኦኤን» እና «ኤልኦኤስ» የሚሉትን ፈልጉ። ፒኦኤን ሳይርገበገብ አረንጓዴ ከሆነ ራውተሩ ከማዕከሉ ጋር ተገናኝቷል። ኤልኦኤስ በቀይ ከበራ ወይም ከተርገበገበ ብርሃኑ ወደ ቤታችሁ እየደረሰ አይደለም፤ ገመዱ ተቆርጧል፣ ታጥፏል ወይም ከጀርባው ላልቷል። የፋይበር ገመድ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ጠቅልለው ሚስማር ላይ ሲያንጠለጥሉት ወይም የአልጋ እግር ሲያርፍበት ብርሃኑ ይቋረጣል። በሰፊው ዘርጉት። ጫፉን ነቅላችሁ ግን በዓይን አትመልከቱት፤ ብርሃኑ ባይታይም ሌዘር ነው። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ከሆነ የኔትወርክ መብራቱን እዩ፣ ፓኬጁ ማለቁንም አጣሩ። ብዙ «ብልሽት» ያለቀ ፓኬጅ ነው።

መብራቱ ሁሉ ደህና ሆኖ ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጽ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን ቁጥር ራሱ ይዞ ስለሚዞር ነው። ብራውዘር ግን የጻፋችሁትን የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ይፈልጋል። እሱ ሲታመም በስልኩ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ብትጽፉ ብዙ ጊዜ ይፈታል።

አንድ የእኛው አገር ጉዳይ ደግሞ አለ። ላፕቶፑ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ድረ ገጾቹ «ደህንነቱ ያልተረጋገጠ» እያሉ አይከፈቱለትም። የድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ሰርተፍኬቱን ገና እንዳልጀመረ ይቆጥረዋል። በዋይፋዩ ከመናደድ በፊት ቀኑን አስተካክሉ።

ኢንተርኔቱ አለ ግን ይንቀረፈፋል ለሚሉ፣ መጀመሪያ ሒሳቡ። 10 ሜጋ ቢት የሚባል ፓኬጅ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ። አምስት ሰው እኩል ከተጠቀመበት ለአንዱ 2 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል። አንዱ ተከታታይ ፊልም እያወረደ ሌላው በቪዲዮ ትምህርት ሲከታተል የሚፈጠረው ጠብ የራውተሩ ጥፋት አይደለም። ትልልቅ ፋይሎችን ሌሊት ለማውረድ ብትስማሙ ከማንኛውም ማስተካከያ ይበልጣል።

ከዚያ ቦታው። ራውተሩ በአከራይ ዋናው ቤት ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቡፌ ውስጥ ተቀምጦ፣ ተማሪዎቹ ከኋላ በሰርቪስ ቤት ይኖራሉ። በመሃል የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በርና ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮና ብረት ሞገዱን መልሰው ያንጸባርቁታል፤ ወፍራም ኮንክሪት ይውጠዋል። ራውተሩን ከፍ አድርጎ፣ ከብረት አርቆ፣ ወደ ሰርቪሱ በሚያይ መስኮት አጠገብ ማድረግ ያለ አንድ ብር ወጪ ለውጥ ያመጣል። ሁለት ዋይፋይ የሚለቅ ራውተር ከሆነ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይሻለዋል፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው ግን በቅርብ ላለ ሰው ነው። ከመግሪብ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ቤት ሲገባ 2.4 ይጨናነቃል፤ በዚህ ክልል ውስጥ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ጎረቤቶቻችሁ 6 ላይ ከተሰበሰቡ እናንተ 1 ወይም 11ን ሞክሩ።

ይህን የምታስተካክሉት በራውተሩ ገጽ ነው። ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝታችሁ በብራውዘር ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። መግቢያ ስሙና ፓስወርዱም እዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል። መጀመሪያ ይህንን መግቢያ ፓስወርድ ቀይሩ፤ ካልሆነ ዋይፋዩን ያገኘ እንግዳ ሁሉ ገብቶ እናንተን ማስወጣት ይችላል። የደህንነቱን ዓይነት ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 አድርጉ። ደብሊውፒኤስ የሚባለውን ዝጉት። ስምንት አሃዝ ያለው ፒን በሁለት ተከፍሎ ስለሚጣራ፣ መቶ ሚሊዮን ሙከራ ይጠይቃል የተባለው በ11,000 ገደማ ሙከራ እንደሚከፈት በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። የቤት ጓደኛ ሲለቅ የዋይፋዩን ፓስወርድ መቀየር ደግሞ ለሚከፍሉት ፍትሕ ነው፤ ቅያሜ አያስፈልገውም።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉት፤ ብዙ አዳፕተር የሚቃጠለው መብራቱ ሲመለስ ነው። አዲስ አዳፕተር ስትገዙ ቮልቱና የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ፋይበር ያላችሁ አንድ ጥቅም አላችሁ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከማዕከሉ እስከ ቤት ያለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ብርሃኑን ብቻ ነው የሚከፋፍለው። ማዕከሉ መጠባበቂያ ኃይል እስካለው ድረስ፣ ራውተሩን በትንሽ የራውተር ባትሪ ካቆማችሁት ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ ሊቀጥል ይችላል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ኤልኦኤስ ቀይ እንደሆነ ከቀረ ጉዳዩ የአቅራቢው ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994 ይደውላል። «ኢንተርኔት የለም» ብቻ አትበሉ፤ የአገልግሎት ቁጥራችሁን፣ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደሆነና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተቋረጠ ንገሩ፣ የአቤቱታ ቁጥርም ተቀበሉ። የመብራቶቹን ፎቶ አንሱ፤ ቴክኒሻኑ ሲመጣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።