እውነት ወይስ ተረት? ወሬው የጠፋ ወታደር

ነገሌ ቦረና ከጥንትም ወታደር የማይታጣባት ከተማ ናት። ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚያ ያረጀ አለ፤ ከነገሌ፣ ከአዶላ፣ ከሞያሌ ተነሥቶ ሌላ ግንባር የዘመተም አለ። ስለ ዘማችና ስለ ቤተሰቡ የሚወራው ብዙ ነው። ከሚወራው አንዳንዱ ግን እናቶችን በከንቱ አንጀታቸውን ሲያቆስል ኖሯል፤ እሱን ማረም ይገባል።

«ወሬው ከጠፋ ሞቷል ማለት ነው።»

ተረት ነው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ አገራችን ዘልቆ ሲገባ የተማረኩ ወታደሮች ነበሩ። ጦርነቱ መጋቢት 1970 ላይ ቢያበቃም እነሱ ግን በሶማሊያ እስር ቤቶች ቀሩ። የአየር ኃይሉ አብራሪ ኮሎኔል ለገሠ ተፈራ 11 ዓመት ታስረዋል፤ አብዛኛውንም ጊዜ ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ነው ያሳለፉት። ሁለቱ መንግሥታት መጋቢት 1980 ላይ ተስማሙና በዚያው ዓመት ነሐሴ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን ወደ አገራቸው መለሰ። ተለቅሶላቸው፣ እርማቸው ወጥቶ የነበሩ ሰዎች በእግራቸው ደጃቸው ቆሙ።

የጦር ምርኮኞች ሕግ ቢከበር ኖሮ ይህ ሁሉ ሐዘን ባልደረሰ ነበር። ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ ካምፕ በደረሰ በሳምንት ውስጥ መማረኩን ለቤተሰቡ የሚያሳውቅ ካርድ እንዲጽፍ፣ ከዚያም በየወሩ ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ ያለ ቴምብር ክፍያ እንዲልክ ይፈቅዳል። ነገር ግን እስረኛ የሚጽፈው አሳሪው ወረቀት ሲሰጠው ነው። ዝምታውን በልጁ ሕይወት ላይ እንደ ፍርድ መቁጠር ትክክል አይደለም።

«ቢያስበን ኖሮ ይጽፍ ነበር።»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ያልበደለውን ሰው ይከሳል። ፖስታ ቤት አገራችን ውስጥ በ1886 ዓ.ም. ቢቋቋምም ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም ነበር፤ የሚገባው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥን ለሌላት እናት የልጇ ደብዳቤ በትምህርት ቤት፣ በነጋዴ ወይም በመሥሪያ ቤት ቁጥር መምጣት ነበረበት። ከሣጥኑ ወጥቶ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ ወደ መንደሯ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው 1971 ላይ ነውና ከዚያ በፊት ብዙዋ እናት ደብዳቤ የምታስነብበው የጎረቤት ተማሪ ለምና ነበር። ወታደሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያጽፈው ፊደል የቆጠረ ጓዱን ነበር። ስለዚህ የእጅ ጽሑፉ ተቀየረ ብሎ «ሌላ ሰው ነው የጻፈው፣ እሱ የለም» ማለትም ስሕተት ነው። «ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ» ብሎ ጀምሮ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለው ደብዳቤ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት መሆኑም ልብ የለሽነት አይደለም፤ የአጻጻፍ ወጉ ነው። የራሱን ቃል ያኖረው ከውስጡ ባስገባት ጉርድ ፎቶ ጀርባ ላይ ነው። ፎቶ ቤት የተነሣበት ቀን፣ ስሙ፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የምትል አንዲት መስመር።

«ጦሩ ሬዲዮ ነበረው፤ በዚያ መልእክት ይልክ ነበር።»

ግማሹ እውነት ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ የነበረው ጦር በምግቡና በውሃው ምክንያት ሲያምፅ፣ ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ ከራሱ ምግብና ውሃ እንዲቀምሱ ማድረጉ ይታወቃል። ወሬው በሠራዊቱ መገናኛ ሬዲዮ ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር ተዳረሰ። ያ ሬዲዮ ግን ሌላ ሬዲዮ ጋ እንጂ የእናት ቤት አይደርስም። አገር ያናወጠ ዜና ከነገሌ በአየር ሲወጣ፣ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል የሚሄደው በጭነት መኪና ነበር። ሰው በእጅ ይዞት።

«ዛሬ ሞባይል አለ፤ ካልደወለ አንድ ነገር ሆኗል።»

ይህም ተረት ነው። ጦር ግንባር ላይ ስልክ ቦታን ያጋልጣል፤ ስለዚህ ይከለከላል። ኔትወርክም ይቋረጣል፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 በሰሜን ጦርነቱ ሲፈነዳ የትግራይ ስልክ አብሮ ተዘግቷል።

ታዲያ የልጁ ወሬ የጠፋበት ቤተሰብ አስቀድሞ የልጁን የጦር ክፍል ይጠይቅ። ተማርኳል ተብሎ ከተጠረጠረ ወደ ቀይ መስቀል ይሂድ፤ ፍለጋው ክፍያ የለውም። ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ የትውልድ ቦታውንና ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁ የተሰማበትን ቀንና ቦታ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። በቀይ መስቀል የሚላከው መልእክት ሳይታሸግ የሚሄድና የሚመረመር ስለሆነ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ይጻፍበት፦ ማን ወለደ፣ ማን አገባ፣ አባት እንዴት ነው። ስለ ጦርና ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል ከገባበት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።