የተቆለፈው የአዮዲን በር

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። ስታብጥ እንቅርት እንላለን። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው በከንቱ ሲሸበር ስለማይ ነው።

ታይሮይድ ከደም ውስጥ አዮዲን እየለቀመች ሆርሞን ትሠራለች። የምትለቅመው በሴሎቿ ሽፋን ላይ በተተከለ የፕሮቲን በር ነው፤ ሁለት ሶዲየም ሲገባ አንድ አዮዳይድ አስከትሎ ያስገባል። ስሙ ኒስ ነው። ዘረመሉን እ.ኤ.አ. በ1996 ናንሲ ካራስኮና ባልደረቦቿ ለይተው አወጡት። ሐኪሞች ግን ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የታይሮይድ ካንሰር ታማሚው ጨረር ያለው አዮዲን 131 ይውጣል፤ የካንሰሩ ሴሎች እንደ ለመዱት ይለቅሙታል፤ ጨረሩም ከውስጥ ይገድላቸዋል። ሳንባ ድረስ የተሰራጨውን እንኳ ተከትሎ ያገኘዋል። በካንሰር ሕክምና ውስጥ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ የለም።

አንዳንዱ ካንሰር ግን አዮዲን መቀበሉን ያቆማል። አዮዲኑ የት እንደገባ የሚያሳየው ምስል ሲነሳ መጥቆር የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ እባጩ ግን እዚያው አለ።

በሩ ምን ሆነ? የኒስ ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም። በየሴላችን ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ነው፤ ማግ በቀሰም እንደሚጠቀለል ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሏል። ሂስቶኑ ላይ አሴቲል የሚባል ምልክት ሲኖር ክሩ ይላላል፣ ዘረመሉም ይነበባል። ምልክቱ ሲነሳ ክሩ ይጠብቃል። ዲኤንኤው ላይ ራሱ ሜቲል ሲለጠፍም ዘረመሉ ዝም ሊል ይችላል።

አስቆላፊው ብዙ ጊዜ ሌላ ዘረመል ነው፤ ብራፍ። ፓፒላሪ ከሚባለው፣ በብዛት ከሚታየው የታይሮይድ ካንሰር 60 በመቶ ያህሉ ላይ ተለውጦ ይገኛል። የተለወጠው ብራፍ ሴሉን ያለ ፋታ «ተባዛ» እያለ፣ ከኒስ ሂስቶኖች ላይ ደግሞ አሴቲሉን ያስነሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ካንሰሩ አደገ፣ መድኃኒቱም ደጅ ቀረ።

አሴቲሉ እንዳይነሳ የሚያደርጉ መድኃኒቶች በላቦራቶሪ በሩን ከፍተው ነበር፤ በታማሚዎች ላይ ግን ውጤታቸው ደካማ ሆነ። የተሻለው ትእዛዙን ከምንጩ ማፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኒውዮርክ ሐኪሞች ጥናት አዮዲን እምቢ ላላቸው 20 ታማሚዎች የብራፍን መልእክት የሚያቋርጠውን ሴሉሜቲኒብን ሰጠ። በ12ቱ አዮዲን የመቀበል አቅሙ ጨመረ። የ8ቱ ለሕክምና የሚበቃ ሆኖ አዮዲን 131 ወሰዱ፤ የ5ቱ እባጭ ቀነሰ፣ የ3ቱም ባለበት ቆመ።