ኩልል ያለ የጉድጓድ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በደምቢ ዶሎም የግቢ ጉድጓድ ወሬ ሲነሳ «መሬት ያጣራዋል፤ ኩልል ማለቱን አታዩም?» የሚል አይጠፋም። ይህን አምነው ሳያፈሉ የሚያጠጡ ቤቶች ውስጥ ሕፃናት በተቅማጥ ሲዝለፈለፉ አይቻለሁ።

እምነቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ውሃ በወፍራም አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ብዙ ጀርም እዚያው ተይዞ ይቀራል። ቤቱ ተራርቆ በተሠራበት፣ ምንጩም ከደን ሥር በሚፈልቅበት ዘመን ይህ ሳይጠቅም አልቀረም። ዛሬ ግን በጠባብ ግቢ የውሃው ጉድጓድና መጸዳጃው ጎን ለጎን ይቆፈራሉ፤ ከአጥሩ ወዲያም የጎረቤት መጸዳጃ አለ። የወለጋ ክረምት ደግሞ ረጅምና ብርቱ ነው። ዝናቡ ሲበረታ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ብሎ ወደ መጸዳጃው ወለል ይጠጋል። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀት ስለሌለው፣ በመሐል የሚያጣራ በቂ አፈር አይኖርም። ጀርሙም ውሃውን አያደፈርስም።

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደንን የኮሌራ ወረርሽኝ ሲመታ ሐኪሙ ጆን ስኖው መነሻው የብሮድ ጎዳና ጉድጓድ መሆኑን አሳየ። ያንን ውሃ ጣዕሙን ወደው ከሌላ ሰፈር የሚያስመጡ ነበሩ። በኋላ ሲቆፈር ከጎኑ፣ 1 ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ የሚያፈስ የቆሻሻ ጉድጓድ ተገኘ።

«አባቶቻችን ጠጥተውት አርጅተዋል» የሚሉኝን መታገሥ ያቅተኛል። ያረጁትን እየቆጠሩ በልጅነታቸው የተቀበሩትን ይዘነጋሉ።

መጸዳጃ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በተዳፋቱ በታች በኩል ቢሆን ይመረጣል። እንደ አፈሩ ዓይነት ይህም ላይበቃ ይችላል። የጉድጓዱ አፍ ከፍ ተደርጎ በሲሚንቶ ይሠራ፤ ይከደንም። ግቢው ካልበቃ ውሃውን ማከም ግድ ነው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ለሚቸግረው «ውሃ አጋር» የተባለው የውሃ ማከሚያ አለ፤ የደፈረሰውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ፣ በመመሪያው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ሎሚ ጠብ ማድረግ ይህን አይተካም። «ጥልቅ ጉድጓድ ሁሉ ደህና ነው» የሚሉም ወደ ስምጥ ሸለቆ ይመልከቱ፤ ከጥልቅ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በሆነባቸው ቦታዎች የልጆች ጥርስ ይበልዛል። «ማፍላት የውሃውን ጉልበት ያጠፋል» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ሲፈላ የሚወጣው በውሃው ውስጥ የነበረ አየር ነው። ጣዕሙ ካላስደሰተ ቀዝቅዞ ከአንድ ንጹሕ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግሞ ማንቆርቆር ይመልሰዋል።