ሳይበዛ ማለዘብ፦ የሰውነትን መከላከያ የሚገቱ መድኃኒቶች

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀመረ። ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ከአርሲዋ ኦጎልቾ ሄዶ ንቅለ ተከላው የተሳካለት ታማሚ አገሩ ቢመለስም ሕክምናው አያበቃም። ነጭ የደም ሴሎች የወንድምንም ኩላሊት እንደ ባዕድ ስለሚያዩት፣ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ መድኃኒት መዋጥ ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ላይ ለቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ መሪ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የቀናው ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። ለሌላው ሰው በር የከፈተው የጌርትሩድ ኤሊየንና የጆርጅ ሂቺንግስ አዛታዮፕሪን ሲሆን፣ የሚባዙ ሴሎችን ሁሉ ስለሚገታ መቅኒንም ይጎዳል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአፈር ነው። በኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ አፈር ውስጥ የተገኘ ሻጋታ ሳይክሎስፖሪንን፣ የጃፓን ጹኩባ አፈር ደግሞ ታክሮሊመስን ሰጠ። ሁለቱም በቲ ሴል ውስጥ ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም ስለሚያስቆሙ፣ ሴሉ ሌሎቹን የሚቀሰቅስበትን ኢንተርሉኪን 2 ማምረት ያቅተዋል። መቅኒው ይተርፋል። መጠናቸው ከበዛ ግን የታደጉትን ኩላሊት ራሱን ይጎዳሉ፤ ካነሰ ደግሞ ሰውነት ኩላሊቱን ይገፋል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው መለካት አለበት። ለአርሲ ታማሚ ከክኒኑ እኩል የሚያስፈልገው ይህ ምርመራ በቅርብ መገኘቱ ነው እላለሁ።

ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች በኩል ደግሞ ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1948 ኮርቲዞንን ለመገጣጠሚያ ሕመም ሞከረ። የዚያው ወገን የሆነው ፕሬድኒሶሎን ዛሬ በየፋርማሲው አለ። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆም ግን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በባዶ እግር ቆዳ በኩል የሚገባው ስትሮንጂሎይድስ ትልም በዚህ መድኃኒት ሳቢያ በመላ ሰውነት ሊሰራጭ ይችላል። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ የዋጡ ሞተዋል። እንደ አዳሊሙማብ ያሉት አዳዲሶቹ ዒላማቸው ጠባብ ቢሆንም የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። የሳንባ ነቀርሳ በበዛበት አገራችን አስቀድሞ መመርመር ሊታለፍ አይገባም።

በአለርጂ በኩል የኮርቲዞን ወገን የሆነው የሚሳብ ስቴሮይድ በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚሠራ፣ ለአስም ከክኒኑ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ። የስንዴ ውቂያ አቧራ ለሚያፍነው ገበሬም እንዲሁ። ኦማሊዙማብ ደግሞ አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጅማ ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳየ፤ ተከታዩ ጥናት መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ፉጨት ያነሰ መሆኑን አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ሆን ብሎ ትሉን በማስያዝ አስምን የማከም ሙከራ ግን ግልጽ ጥቅም አልሰጠም። ተመራማሪዎች አሁን ከትሉ የሚመነጩ ፕሮቲኖችን ለይተው በአይጦች ላይ እየፈተኑ ነው።