መንገዱ አለቀ፣ ጉድጓዱስ?

ባለፈው ክረምት ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ሳለሁ የጎረቤታችን በሬ ሞተ። በበሽታ አይደለም። ከመንደራችን ጀርባ ያለው ካባ ውስጥ ተንሸራቶ ገብቶ ነው። ካባው የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ የጠጠር መንገዱ ሲሠራ ገረጋንቲ የተዛቀበት ቦታ ነው። መንገዱ አለቀ፣ ማሽኖቹ ሄዱ፣ ጉድጓዱ ግን እዚያው ቀረ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይሞላል። ባለ በሬው አሁን የሚያርሱት አንድ በቀረው በሬያቸው ከሌላ ሰው ጋር እየተቀናጁ ነው። "መንገዱንስ ወደነዋል፣ ጉድጓዱን ማን ይድፈንልን?" ብለው ጠየቁኝ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ ብዬ መልስ አጣሁ! ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ያለ ጠጠር፣ ያለ አሸዋና ያለ ኮረት መንገድም ሆነ ሕንፃ አይሠራም። ስለዚህ ጥያቄው "ይቆፈር ወይስ አይቆፈር?" ሳይሆን "ተቆፍሮ ሲያበቃ መሬቱ ምን ይሆናል?" የሚለው ነው። የዚህ መልስ ደግሞ የመጀመሪያው ስካቫተር ከመድረሱ በፊት መታወቅ አለበት። እርሻ፣ ግጦሽ፣ ደን ወይስ ኩሬ? አቆፋፈሩ የሚወሰነው በዚህ ነው።

የላይኛው አፈር

ከጠጠሩ በላይ ያለው ጥቁር አፈር ስስ ነው፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው እሱ ነው። ዘሩ፣ ሥሩ፣ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ሁሉ እዚያ አሉ። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ይህ አፈር ለብቻው ተገፎ፣ ከሥሩ ካለው አፈር ሳይደባለቅ ይቀመጣል። ክምሩ በጣም ከፍ ካለ ውስጡ አየር ያጣል፤ ዝቅ ብሎ ተከምሮ ሣር ቢዘራበት ይመረጣል።

ሒሳቡን እንየው። 1 ሄክታር መሬት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ካለ 2,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 125 ጉዞ ማለት ነው። እዚያው ዳር ላይ ተከምሮ ከቆየ ገፍቶ መመለስ ቀላል ነው። ከተጣለ ወይም ከተሸጠ ግን 125 መኪና አፈር ከየት ይመጣል?

በየተራ መቆፈር

ጥሩ ዕቅድ ቦታውን ሁሉ በአንዴ አይከፍትም። መሬቱ ይከፋፈልና አንደኛው ክፍል ሲያልቅ ሁለተኛው ይከፈታል፤ ከሁለተኛው የተገፈፈው አፈር አንደኛውን ለማልበስ ይውላል። ገደል የሆነው ጠርዝም ይስተካከላል። ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር ያህል አግድም ቢሰጠው ከብትም ሰውም ይወጣበታል፣ አፈሩም በዝናብ አይታጠብም። የጎረቤታችን በሬ ያጣው ይህንን መውጫ ነው።

ውኃውም ይታሰብበታል። ቁፋሮው ከከርሰ ምድር ውኃ በታች ከወረደ ጉድጓዱ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ኩሬ ከተፈለገ ጥሩ፤ ካልተፈለገ ግን ወለሉ ከውኃው በላይ መቅረት፣ የዝናቡም ውኃ መፋሰሻ ማግኘት አለበት። አለበለዚያ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል።

ከጎረቤት አገር

ኬንያ ሞምባሳ አጠገብ ባምቡሪ በሚባል ስፍራ የሲሚንቶ ፋብሪካ ለዓመታት የኖራ ድንጋይ አውጥቶ ራቁቱን የቀረ መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሃለር የተባሉ የግብርና ባለሙያ መልሶ ማልማት ጀመሩ። ከሞከሯቸው 26 የዛፍ ዓይነቶች የተረፉት 3 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ሸውሸዌ በለጠ። ቅጠሉ ግን አልበሰብስ አለ። እንደ ገና ብዙ እግር ያላቸውንና ሲነኩ የሚጠቀለሉትን ትል መሰል ፍጥረቶች አምጥተው ለቀቁበት፤ እነሱ ቅጠሉን እየበሉ አፈር አደረጉት። ቦታው ውሎ አድሮ ጎብኚ የሚገባበት ፓርክ ሆነ። ድንቅ ነው፤ ግን አፈር ከባዶ መፍጠር ምን ያህል እንደሚያደክምም ያሳያል። ያለውን ማስቀመጥ ይቀላል።

ሕጉስ?

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማንኛውም ሰው መብት ነው ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ በ1995 ዓ.ም ወጥቷል። በ2002 ዓ.ም የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅም አካባቢን መልሶ ለማቋቋም ስለሚመደብ ገንዘብ ይደነግጋል። ወረቀት ላይ አልጠፋም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ይመጣል። መንገድ ሲመረቅ ሪባኑንና ንግግሩን እንዘግባለን፤ ካባው ዘንድ የሚሄድ ግን የለም። እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የላይኛው አፈር የት ተከመረ? የመዝጊያው ገንዘብ ተይዟል? ቦታውን ማን መቼ ተረከበ? እኔ ለጎረቤታችን መልስ ይዤ ለመመለስ በመጪው ዕረፍት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄጄ እነዚህኑ ልጠይቅ አስቤአለሁ።