ፖሊሽ እና ዋክስ አንድ አይደሉም

«መኪናዬን ፖሊሽ አድርግልኝ» ብለው ከሚመጡ ደንበኞቼ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ዋክስ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ፖሊሽ በውስጡ በጣም ደቃቅ መፋቂያ አለው፤ ጭረት የሚያጠፋው ከቀለሙ በላይ ያለውን ግልጽ ሽፋን በስሱ እየላጠ ነው። ይህ ሽፋን በአብዛኞቹ መኪኖች ከአንድ ወረቀት ይሳሳል፤ የተላጠው ደግሞ አይመለስም። በየወሩ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው መኪናውን እየጎዳ ነው። ቀለሙ ሲደበዝዝ ወይም ጭረቱ ሲበዛ ብቻ ይደረግ።

ዋክስ አይልጥም፣ ይሸፍናል። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ደስ የሚል ጥልቅ ውበት ይሰጣል፤ ግን ከአንድ ሁለት ወር በላይ እምብዛም አይቆይም። ሰው ሠራሹ ለወራት ይዘልቃል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በአዲስ አበባ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ለሚውል መኪና እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ዋክስ ከመቀባትዎ በፊት መኪናው ታጥቦ ይድረቅ፣ ጥላ ሥር ይቁም፤ አካሉ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። በጣም በስሱ ይቀቡ፤ ማብዛት መጥረጉን ያከብዳል እንጂ ብርሃን አይጨምርም። ከዚያ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ይወልውሉ። መሬት የወደቀ ጨርቅ አሸዋ ይይዛልና በፍጹም አይጠቀሙበት።

እባክዎ፣ በልብስ ሳሙና አያሳጥቡ፤ ዋክሱን ያነሣዋል።